«ይናገራል፣ ጠብቂው» እየተባለ የሚያልፈው ዕድሜ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

የአዲሱ የትምህርት ዘመን ምዝገባ እየተቃረበ በመሆኑ ንግግር ስለሚዘገይባቸው ልጆች ለብዙ ወላጆች ይጠቅማል ያልኩትን ጉዳይ በጋዜጣችሁ እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ። በሀዋሳ ከተማ በአንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት ነኝ። ወደ ክፍላችን ከሚመጡት ልጆች መካከል መስማት የሚቸገሩ፣ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የዕድገት ልዩነት) ወይም ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድና የልጁን ዕድገት የሚያዘገይ ሁኔታ) ያለባቸው፣ በሴሬብራል ፓልሲ ምክንያት እጅና እግራቸውን እንደልብ ማዘዝ የማይችሉ፣ የችግራቸው ምክንያት ገና ያልታወቀም አሉ። ሁኔታቸው የተለያየ ቢሆንም አብዛኞቹ የሚጋሩት ነገር አለ፤ በሰባትና በስምንት ዓመታቸው፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፈው ወደ እኛ ሲደርሱ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ጆሯቸውን የመረመረላቸው፣ ውሃ ሲጠማቸው የሚጠይቁበትን መንገድ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም። እናቶቻቸውን «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። አብዛኞቹ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጀምረው ሲጠይቁ ቆይተዋልና፤ ያገኙትም መልስ «ይናገራል፣ ጠብቂው» የሚል ነበር።

ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። የተጨነቀችን እናት ለማረጋጋት «የወንድ ልጅ አፍ የሚፈታው ዘግይቶ ነው»፣ «አባቱም እንዲሁ ነበር» ይሏታል፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውም ይጠቀስላታል። አባባላቸው ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ዘግይተው ጀምረው እኩዮቻቸውን የሚደርሱ ልጆች በእርግጥ አሉ። ሆኖም ንግግር ከዘገየባቸው ልጆች መካከል የትኛው በራሱ እንደሚደርስ፣ የትኛው እገዛ ካላገኘ ወደኋላ እንደሚቀር በግምት መለየት አይቻልም፤ አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበልባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ አንዴ ካለፉ አይመለሱም። ደህና የሆነ ልጅ ተመርምሮ «ደህና ነው» ቢባል የሚጎዳው ነገር የለም። መታየት የነበረበት ልጅ ሳይታይ ሦስትና አራት ዓመት ቢያልፍበት ግን ያን ጊዜ ለማካካስ እኛ መምህራን የምናደርገው ጥረት ሁሉ በቂ ሆኖ አላየሁትም።

ብዙ ወላጆች የልጃቸውን ዕድገት ሲከታተሉ የሚቆጥሩት ቃላትን ብቻ ነው፤ መግባባት ግን ከቃል ቀድሞ ይጀምራል። ዓመት የሞላው ሕፃን ስሙ ሲጠራ ዘወር ይላል፣ «ባባባ»፣ «ዳዳዳ» እያለ በድምፁ ይጫወታል፣ ሲሰናበቱት እጁን ያወዛውዛል። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል፤ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል መናፈሻ ወስደውት ጦጣ ከዛፍ ስትወርድ ካየ እናቱም እንድታይለት ጣቱን ይቀስርና መልሶ ፊቷን ይመለከታል። ይህ ምልክት እኔ ዘንድ ከብዙ ቃል ይበልጣል፤ ልጁ ያየውን ለሌላ ሰው ማካፈል እንደሚፈልግ ያሳያልና። ሁለት ዓመት ሲሞላው ደግሞ «ማሚ ውሃ»፣ «አባ ና» እያለ ሁለት ቃል ማገናኘት ይጀምራል። በእነዚህ ዕድሜዎች ላይ የጥቂት ወራት ልዩነት መኖሩ አያስደነግጥም። ቃሉ ቢዘገይም በጣቱ የሚያሳይ፣ የሚነገረውን የሚረዳና ከሌሎች ጋር የሚጫወት ልጅ ጆሮው ታይቶ ክትትል ቢደረግለት መልካም ነው፤ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የማይጠቁም፣ ከሰው ጋር መጫወት የማይፈልግ ልጅ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ሊቀጠር አይገባውም። ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት የተወ ልጅም፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት።

በባህላችን አዋቂ ፊት ዝም የሚል ልጅ «ጨዋ» ይባላል፤ እንግዳ ሲመጣ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ይመሰገናል። እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው፤ በአስተዳደጉም ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ይህ ምስጋና የሚሸፍናቸው ልጆች አሉ፣ በተለይ ሴቶች ልጆች። ወንዱ ልጅ ሲጮኽና ሲሮጥ ቤተሰብ ይጨነቃል፤ ልጅቷ ግን የጠርሙስ ክዳን ስትደረድር ብትውል «እንዴት ያለች ጨዋ ናት» ተብላ ትታለፋለች። ወደ እኛ ዘግይተው ስለሚመጡ ሴቶች ልጆች ከቤተሰብ በተደጋጋሚ የሰማሁት ቃል ይኸው ነው። ልጅቷ ዝም የምትለው አፍራ እንደሆነ ወይም መናገር አቅቷት እንደሆነ ለመገመት እንግዳ በሌለበት፣ ከምትወደው ሰው ጋር ስትጫወት ተቀምጦ ማየት ብዙ ይረዳል።

ምርመራው መጀመር ያለበት ከጆሮ ነው። «ልጄ ይሰማል፤ በር ሲንኳኳ ይዞራል» የሚሉኝ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ የሚሉትም እውነት ነው። በከፊል የሚሰማ ልጅ የበር መንኳኳትን፣ የከበሮን ድምፅ፣ የባጃጅ ሞተርን ይሰማል፤ እንደ «ሰ»፣ እንደ «ፈ»፣ እንደ «ከ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ግን ስለሚያመልጡት ንግግሩ ተቆራርጦ ይደርሰዋል። እንዲህ ያለው ልጅ አንዳንዴ ሲመልስ አንዳንዴ ሲያልፍ ስለሚታይ «ሲፈልግ ነው የሚሰማው» ይባልና በማያውቀው ጥፋት ይቆጡታል፣ ይገርፉታልም። የጨቅላነቱን ቢጫነት አክብዶ የታመመ፣ ሲወለድ ታፍኖ ሳያለቅስ የቆየ፣ በማጅራት ገትር ታሞ የዳነ፣ እንደ ጄንታማይሲን ያለ ጆሮ ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ልጅ፣ ምንም የሚታይ ነገር ባይኖርበትም ጆሮው መታየት አለበት።

በእኛ አካባቢ ከሁሉ በላይ የማየው ግን መግል የሚፈስ ጆሮ ነው። ጉንፋን ተከትሎ ይጀምርና ለወራት፣ ለዓመታት ይቀጥላል፤ የሚያም ስለማይመስል ቤተሰብ ይለምደዋል፤ የሞቀ ዘይት፣ ወተት ወይም የቅጠል ጭማቂ የሚጨምሩም አሉ። የጆሮ ታምቡር በተቀደደበት ሁኔታ እንዲህ ያለ ነገር ማፍሰስ ችግሩን ያባብሳል። ጤና ጣቢያ ታይቶ፣ ካልዳነም በሪፈር ወደ አንገት በላይ ሐኪም ቢላክ መስማቱ ሊተርፍ የሚችል ልጅ፣ ሕመሙ «የልጅ ነገር ነው» ተብሎ ስለተተወ ብቻ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ምንም ሳይሰማ ዓመቱን ይጨርሳል። ንግግር ስለዘገየ ተብሎ እንጥል የሚያስቆርጡም እስካሁን አልጠፉም። እንጥል መቁረጥ ለንግግር የሚሰጠው አንዳች ጥቅም የለም፤ ደም ሊያፈስና ሊመረቅዝ ስለሚችል ግን ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። «ምላሱ ታስሯል» የሚባለውም ቢሆን የአንዳንድ ድምፆችን አወጣጥ ሊያከብድ ይችል ይሆናል እንጂ በሦስት ዓመቱ አንድም ቃል የሌለውን ልጅ ዝምታ የሚያስረዳ ምክንያት አይደለም።

የሀዋሳን ልጆች በተለይ ስለሚመለከት አንድ ጉዳይ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። በከተማችን አንድ ልጅ ከእናቱ ሲዳሙ አፎ፣ ከአባቱ ወላይትኛ፣ ከሠፈር ልጆች አማርኛ እየሰማ ማደጉ የተለመደ ነው። ልጁ ንግግር ሲዘገይበት ለወላጆች ቀድሞ የሚሰጣቸው ምክር «ቋንቋ አደበላልቃችሁበት ነው፤ በአንዱ ብቻ አናግሩት» የሚል ሲሆን፣ ምክሩ ከአጸደ ሕፃናት መምህራን፣ አንዳንዴም ከጤና ባለሙያ አፍ ይወጣል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ግን ሁለትና ሦስት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት እንደማያመጣ ደጋግመው አሳይተዋል፤ ዳውን ሲንድረምና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም ቢሆኑ እንደየአቅማቸው ሁለት ቋንቋ መያዝ ይችላሉ። በእርግጥ የቋንቋ ችግር ያለበት ልጅ ችግሩ በሚሰማቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይታያል። ስለዚህም ውሃን በሲዳሙ አፎ፣ ዳቦን በአማርኛ የሚጠራ ልጅ ሁለት ቃል አለው ተብሎ ሊቆጠርለት ይገባል።

«በአንዱ ብቻ አናግሩት» የሚለው ምክር በቤት ውስጥ የሚያደርሰውን ጉዳት በቅርብ አይቻለሁ። አያቲቱ የምታውቀው ሲዳሙ አፎን ብቻ ሆኖ «በአማርኛ ካልሆነ አታናግሪው» ስትባል ዝም ትላለች። ቀኑን ሙሉ አዝላው የምትውል፣ ተረቱንም እሹሩሩውንም የምታውቅ ሴት ዝም ስትል፣ ልጁ በቀን ውስጥ ከሚሰማው ንግግር አብዛኛው ይጠፋበታል። እናትም በደንብ በማትችለው ቋንቋ ስታናግረው ንግግሯ «ና፣ ሂድ፣ ተው፣ አትንካ» ሆኖ ይቀራል፤ ሆዷን የምትነግርበት፣ የምታጫውትበት ቋንቋ ሌላ ነውና። በአንዳንድ የግል አጸደ ሕፃናት ወላጆች ቤታቸው ውስጥ እንግሊዝኛ እንዲናገሩ የሚሰጠውን ማሳሰቢያም በዚሁ ምክንያት እቃወማለሁ። ወላጅ ልጁን የሚያናግረው አሳምሮ በሚችለው፣ በሚስቅበትና በሚጸልይበት ቋንቋ ቢሆን ለልጁ የሚሰጠው ከሁሉ የበለጠ ነው።

ልጁ እስኪናገር ድረስ ፍላጎቱን በምን ይግለጽ? ይህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ሳይነሣ ይቀራል። እኛ ዘንድ ሲመጣ እጁን የሚነክስ፣ ሌሎችን የሚመታ፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ የሚያጋጭ ልጅ ነበር፤ ቤተሰቡ «ባለጌ ሆነብን» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ለሳምንታት ስንከታተለው የሚነክሰው መጸዳጃ ቤት መሄድ ሲፈልግና ድምፅ ሲበዛበት መሆኑን ተረዳን። በካርቶን ላይ የመጸዳጃ ቤት፣ የውሃ፣ የዳቦና የጓሮው ዛፍ ስዕል ተስሎ እንዲያነሣና እንዲሰጠን በትዕግሥት አለማመድነው። ንክሻው በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ እየቀነሰ ሄዶ ግን ሌሎች ልጆች አጠገቡ ለመቀመጥ የማይፈሩት ልጅ ሆነ። ብዙው «ረባሽ» የሚባል ልጅ የሚናገርበት አጥቶ በእጁና በጥርሱ እየተናገረ ነው።

ወላጆች ስዕልና ምልክት ሲባሉ ይደነግጣሉ፤ «ይህን ካስለመድነው ጭራሹን አይናገርም» ይላሉ። እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች ይህን ስጋት አይደግፉም፤ በስዕልና በእጅ ምልክት መግባባት የጀመሩ ልጆች ንግግራቸው አይቀንስም፣ የብዙዎቹ እንዲያውም ይጨምራል። በሴሬብራል ፓልሲ ምክንያት አፉና እጁ የማይታዘዝለት፣ የሚነገረውን ግን በሚገባ የሚረዳ ልጅም «አእምሮው አይሠራም» ተብሎ መተው የለበትም። እኛ ኢትዮጵያውያን «አዎ» ለማለት ቅንድባችንን ከፍ ማድረግ ይበቃናል፤ ቅንድቡን ማንሣት የሚችል ልጅ እንግዲህ ማንም ሰው የሚረዳው መልስ አለው ማለት ነው። ጥያቄውን «ወተት ትፈልጋለህ?» ብሎ አንድ በአንድ መጠየቅ፣ ከዚያም ጊዜ ሰጥቶ መጠበቅ ብቻ ይቀራል። ጨርሶ የማይሰማ ልጅን በተመለከተ ደግሞ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው፤ የጣት ፊደሉ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። መስማት የተሳነው ልጅ ይህን ቋንቋ በሕፃንነቱ ካላገኘ ያለ አንድም ቋንቋ ያድጋል፤ ያን የመሰለ ብቸኝነት በአንድም ልጅ ላይ ሲደርስ ማየት አልፈልግም።

በቤት ውስጥ ስለሚደረገው ስጽፍ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠሩ እናቶችን አስባለሁ። ልጃቸውን ለጎረቤት ወይም ራሷ ገና ልጅ ለሆነች ሞግዚት ትተው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ደክመዋል። ለእነርሱ የምለው አዲስ ሥራ የሚጨምር አይደለም። ልጁን ሲያጥቡት፣ ፀጉሯን ሲሠሯት፣ ሽንኩርት ሲልጡ፣ ቡና ሲያፈሉ፣ ፊት ለፊት አስቀምጠው የሚያደርጉትን በአጭር በአጭሩ ይንገሩት፤ አንድ ነገር ብለው ዝም ይበሉና በድምፅ፣ በዓይን ወይም በእጅ እንዲመልስ ይጠብቁት፤ ልጁ የሚመለከተውን ነገር ይከተሉና ስሙን ይጥሩለት። «ኩኩሉ» መጫወት ተራ መጠበቅንና መመለስን ያስተምራል። ለሞግዚቷም ይህንኑ ማሳየት ይቻላል። ልጅ ሲያለቅስ ስልክ አውጥቶ መስጠት ግን በየቤቱ እየበዛ መጥቷል፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ስክሪን አይመክርም፤ ከዚያ በላይ ላሉት ሕፃናትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ያሳስባል። ስልኩ ይዘፍናል እንጂ የልጁን ድምፅ ሰምቶ አይመልስም።

እናቶችን የሚያቆስለው ወሬም ሊቆም ይገባል። ኦቲዝም በእናት ፍቅር ማነስ፣ በእርግማን ወይም በክትባት አይመጣም፤ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ያሳተመው የሕክምና መጽሔት ራሱ በ2010 ሽሮታል። ልጃቸውን ጠበል የሚወስዱ ወይም በጸሎት ቤት የሚያስጸልዩ ወላጆችን ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም፤ ካህናትና መጋቢዎች ግን «ሐኪም ዘንድም ውሰዱት» ቢሏቸው ቃላቸው ከእኛ ከመምህራን ቃል ይልቅ ይሰማል።

ለከተማችን ጤና እና ትምህርት ኃላፊዎች የማቀርበው ሐሳብ አዲስ ሕንፃ የሚጠይቅ አይደለም። ማንኛውም ሕፃን በ9 ወሩና በ15 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላም አምስት ዓመት እስኪሞላው በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል። ሕፃኑ ተመዝኖ ካርዱ ሲሞላ እናቱ ጥቂት ጥያቄዎች ብትጠየቅ ምን ይከብዳል? ስሙ ሲጠራ ይዞራል ወይ? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል ወይ? ጆሮው ፈሷል ወይ? ያውቀው የነበረውን ቃል ትቷል ወይ? መልሱ የሚያሳስብ ከሆነ በካርዱ ላይ ተጽፎ ለምርመራ ይላክ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ እነዚህኑ ቢጠይቁ ደግሞ በጓዳ ተደብቀው የሚያድጉትንም ልጆች ያገኟቸዋል።

«ከተላኩ በኋላስ የሚያክማቸው ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጀመሩት ዓይነት የኦቲዝም ማዕከል ለመድረስም ከሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለ። ሆኖም የዓለም የጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና፣ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆችን የሚመለከት፣ 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ለቤት ጉብኝቶች ያሉት፣ ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ሊሰጠው የሚችል ነው፤ ከአገራችን ሁኔታ ጋር ተስማምቶም በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅና ሆስፒታል፣ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ክፍልም አለው። እነዚህ ሁለቱ ከከተማው ጤና ጣቢያዎች ጋር ተቀምጠው ሥልጠናውን ቢያመጡት ቡታጅራ የተቻለው እዚህ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ትምህርት ቤቶችን በሚመለከት የምጽፈው በኀዘን ነው። አንዲት እናት ልጇን ለኦ ክፍል ልታስመዘግብ ሄዳ «ሲናገር አምጪው» ተብላ ተመልሳለች። ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጥፋት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር፤ በተለያየ አነጋገር ከብዙዎች ሰምቼዋለሁ። ልጁ መናገርን የሚማረው ከሚናገሩ ልጆች መካከል ሲውል ሆኖ ሳለ ሳይናገር አይገባም ማለት በሩን መዝጋት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አካል ጉዳተኞችን የመደገፍ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ አስቀምጧል፤ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 2 ላይም የምልክት ቋንቋና ንግግርን የሚተኩ ሌሎች መንገዶች የመግባቢያና የቋንቋ ትርጉም ውስጥ እንዲገቡ አድርጓል። በዚህ ወር መዝገብ ይዘው የሚቀመጡ ርእሳነ መምህራን የማይናገር ልጅ ሲቀርብላቸው መዝግበው እንዲቀበሉት፣ ከፊት እንዲያስቀምጡት፣ ጆሮው መታየቱንም ወላጁን እንዲጠይቁ እለምናለሁ።

የከተማው ጤና መምሪያና ትምህርት መምሪያ ከመስከረም ጀምሮ የክትባት ቀን ጥያቄዎቹን ቢያንስ በአንድ ጤና ጣቢያ ለመጀመር ፈቃደኛ መሆናቸውን፣ ካልሆኑም የሚያግዳቸው ምን እንደሆነ በዚሁ ገጽ ምላሽ እንዲሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሥራው ከተጀመረ ጥያቄዎቹን በሲዳሙ አፎና በአማርኛ ለማዘጋጀት እኔም የሥራ ባልደረቦቼም ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት
ሀዋሳ